የድሮ ዳያል አፕ ሞደም ሲግናልን ለመከታተል የትኛው መለኪያ ይሻላል?

መስመር_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

እኔ የምሠራበት ቦታ ርቀው የተተከሉ የውሃ ፓምፖች አሉ። በየፓምፑ መቆጣጠሪያ ውስጥ አንድ የድሮ የቪ.34 ሞደም (በሴኮንድ እስከ 33600 ቢት የሚልክ ዓይነት) ተቀምጧል። ከማዕከል በስልክ ይደወልለታል፣ የታንከሩን ከፍታና ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ይልካል፣ ይዘጋል። ዕድሜ ጠገብ ቢሆንም ሥራውን በደንብ ሲሠራ ነው የኖረው። በቅርቡ ግን በማዕከሉ በኩል የነበረው የመዳብ መስመር ተነሥቶ በአናሎግ አዳፕተር ተተካ። ጥሪው በኢንተርኔት ኔትወርክ መሄድ ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሞደሞቹ ይገናኛሉ፣ ትንሽ ይቀባበላሉ፣ ከዚያ ድርግም ይላሉ። አንዳንዴ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። አንዳንዴ ደግሞ ገና ሰላምታ ላይ ይለያያሉ።

መቆጣጠሪያዎቹን መቀየር ለጊዜው አይታሰብም። ስለዚህ መስመሩ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ጥሪው ሳይቋረጥ ማየት እፈልጋለሁ። እጄ ላይ ያለው ባለ ሁለት ቻናል ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ፣ መልቲሜትርና ላፕቶፕ ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች ውስጥ ስፈልግ ብዙ ስም አየሁ፦ ቲምስ፣ ላይን ሲሙሌተር፣ ፕሮቶኮል አናላይዘር፣ ቢት ኤረር ቴስተር፣ ሰሌክቲቭ ሌቭል ሜትር። ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው? ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ።

የጥገና_ጠረጴዛ

ወንድሜ፣ ስለ ግዢው ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ ስለ ኦሲሎስኮፑ ላስቀድም።

የፕሮቡን የግራውንድ መቆንጠጫ የስልክ መስመሩ ላይ በፍጹም እንዳታስር። መቆንጠጫው በኦሲሎስኮፑ ሶኬት በኩል ከምድር ጋር የተገናኘ ነው። የስልክ መስመር ሁለት ሽቦዎች ግን ሚዛናቸውን ጠብቀው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዳቸውም ግራውንድ አይደሉም። አንዱን ከምድር ካገናኘኸው በጥቂቱ ኸም (የመብራት መስመር ጉርምርምታ) ይገባብሃል፣ ሲብስ አዳፕተሩን ታቃጥላለህ። ስልኩ ሳይነሣ መስመሩ ላይ 48 ቮልት አካባቢ ዲሲ አለ። ሲጠራ ደግሞ በዚያ ላይ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ በ20 ወይም በ25 ኸርዝ የሚመታ ኤሲ ይጨመራል። ባዶ እጅህን አትስደድ።

የግድ በኦሲሎስኮፕ ማየት ካለብህ ሁለት የ10 እጥፍ ፕሮብ ውሰድ። አንዱን በአንዱ ሽቦ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አድርግ። መቆንጠጫዎቹን እርስ በርስ አገናኝተህ ከመስመሩ አርቃቸው። ከዚያ ስኮፑ ቻናል አንድን ከቻናል ሁለት እንዲቀንስ እዘዘው።

ጋሽ_ሪሌይ

ልጄ መስመር_ጠባቂ፣ የዘረዘርካቸው ዕቃዎች ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ የሚያዩት ነገር ግን ለየቅል ነው። ብዙ ሰው «የሞደም መከታተያ» የሚባል አንድ ሣጥን ያለ ይመስለዋል። በምን ልስማ ከማለትህ በፊት ከየት ልስማ ብለህ ጠይቅ። መስመሩን ራሱን ነው? በመስመሩ ላይ የሚሄደውን ድምፅ ነው? ወይስ ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ የሚወጣውን መረጃ?

ቲምስ መስመሩን ነው የሚለካው። የሂውሌት ፓካርድ 4935ኤ እና 4945ኤ በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በአንዱ ጫፍ 1004 ወይም 1020 ኸርዝ ድምፅ ትለቃለህ፤ በሌላው ጫፍ ስንት ዲሲቤል እንደጠፋ፣ ኖይዙ ስንት እንደሆነ ታያለህ። ከፍ ያሉት ሞዴሎች የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ) መንቀጥቀጥን፣ ድንገተኛ ዝላይንና ለአፍታ የሚጠፋ ሲግናልን ሳይቀር ይቆጥሩልሃል። ግሩም ዕቃ ነው። ችግሩ ቲምስ የሚያዳምጠው ራሱ የላከውን ድምፅ መሆኑ ነው። ሞደሞቹ እያወሩ ሳለ አብሮ ተቀምጦ የሚነግርህ ብዙ ነገር የለም።

ሰሌክቲቭ ሌቭል ሜትር አንዲት ጠባብ ፍሪኩዌንሲ ነጥሎ ይለካል። ሞደሙ 300 ቢት የሚልክ የድሮው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይጠቅምህ ነበር። ቤል 103 ደዋዩ በ1070 እና በ1270 ኸርዝ፣ ተቀባዩ በ2025 እና በ2225 ኸርዝ ነው የሚያወራው። አራት ጥርት ያሉ ድምፆች ናቸው። ቪ.34 ግን የመስመሩን ባንድ ጠቅላላ ይሞላዋል። ነጥለህ የምትይዘው ነገር የለም።

ፕሮቶኮል አናላይዘር በሞደሙና በኮምፒውተሩ መካከል፣ በሲሪያል ገመዱ ላይ ነው የሚገባው። ባይቶቹንና የመቆጣጠሪያ መስመሮቹን ያሳይሃል። መስመሩ ላይ ስለተፈጠረው ስሕተት ግን አይነግርህም። ምክንያቱም ቪ.42 የተባለው የስሕተት ማረሚያ የተበላሸውን በዝምታ ደግሞ ያስልከዋል። አንተ የምታየው መዘግየት ብቻ ነው። ቢት ኤረር ቴስተር (ከተላኩት ቢቶች ስንቱ እንደተሳሳቱ የሚቆጥር) የምትጠቀም ከሆነም መጀመሪያ ቪ.42ን ማጥፋት አለብህ። አለበለዚያ ዜሮ ስሕተት እያነበብክ መስመሩ ደህና ነው ትላለህ።

ላይን ሲሙሌተር ለጠረጴዛ ሥራ ነው። ሁለት ሞደም ታገናኝበታለህ፣ ከመደወል በፊት የሚሰማውን ድምፅ (ዳያል ቶን) ይሰጥሃል፣ ይጠራልሃል። ሙከራ ለሚያበዛ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ቢገዛው የምመክረው እሱን ነው።

ላንተ ችግር ግን፣ እንደኔ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምንም አትግዛ።

ናሙና48

ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ለመጀመር የሚያስፈልግህ ዕቃ ላፕቶፕህ ውስጥ አለ። ሳውንድ ካርዱ።

የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው። በሴኮንድ 48000 ናሙና የሚወስድ ተራ ሳውንድ ካርድ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። በጥራትም ቢሆን ብዙዎቹ የድሮ መለኪያዎች የሚወዳደሩት አይደለም። የቀረው መስመሩን በደህና ወደ ካርዱ ማምጣት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አይጓደል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

እኔ የምጠቀመው መያዣ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ሽቦ ላይ መጀመሪያ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት የሚችል ካፓሲተር። ቀጥሎ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ሁለቱ ወደ አንድ 10 ኪሎ በ10 ኪሎ የድምፅ ትራንስፎርመር ይገባሉ። በትራንስፎርመሩ ማዶ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከእሱ ጋር ሁለት ተራ ሲግናል ዳዮዶች ፊትና ኋላ ተገላብጠው በትይዩ። ከዚያ ወደ ካርዱ ላይን ኢን።

ለምን እንደዚህ? ካፓሲተሮቹ ዲሲውን ይዘጋሉ። 400 ቮልት ያልኩት የደወሉ ጫፍ ከ48ቱ ጋር ሲደመር ወደ 175 ቮልት ስለሚጠጋ ነው፤ በቂ ትርፍ ይኑርህ። ሬዚስተሮቹ መያዣው መስመሩን እንዳይጫን ያደርጋሉ። መስመሩ 600 ኦም ነው፣ አንተ የምታስቀምጥበት ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ሞደሞቹ መኖርህን አያውቁም፤ የሚጠፋው ከ0.1 ዲሲቤል ያነሰ ነው። ትራንስፎርመሩ ላፕቶፑን ከመስመሩ ይለያል። ዳዮዶቹ ስልኩ ሲጠራ የሚያልፈውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቆርጡታል። እነሱን ከተውካቸው አንድ ቀን ሲደወል ካርድህን ትሰናበታለህ።

ሞደም ወደ መስመሩ የሚልከው -10 ዲቢኤም አካባቢ ነው። በ600 ኦም ላይ ሩብ ቮልት ገደማ ማለት ነው። በዚህ መያዣ አልፎ ካርዱ ጋ ሲደርስ ጥቂት አሥር ሚሊ ቮልት ይሆናል። ላይን ኢኑ ላይ ጌይን ትንሽ ከፍ ብታደርግ ይበቃል።

ሦስት ነገር አትርሳ። አንደኛ፣ የላፕቶፑን «ድምፅ ማሻሻያ» በሙሉ አጥፋ። ኖይዝ መቀነሻው የሞደምን ድምፅ ኖይዝ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ በዌቭ ፋይል ቅዳ እንጂ በኤምፒ3 አይሁን። በሞኖ 16 ቢት፣ በደቂቃ 6 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ሥራ።

ፋይሉን በኦዳሲቲ ክፈትና ስፔክትሮግራም (ድምፁን በጊዜና በፍሪኩዌንሲ የሚያሳይ ሥዕል) አድርገው። ባውድላይንም ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። መጀመሪያ ምን እንደምታይ ንገረን።

አዲስ_ገቢ

ጥያቄ ላስገባ ይቅርታ። የሞደሙ ስፒከር ራሱ ድምፁን ያሰማ የለ? ለምን ከእሱ አንቀዳም?

የጥገና_ጠረጴዛ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ይሆናል። ብዙዎቹ ሞደሞች ካሪየር (የሌላውን ሞደም ሲግናል) ሲያገኙ ስፒከሩን ያጠፉታል፤ «ኤቲኤም2» ብለህ ብትልክለት ግን ሙሉ ጥሪውን ያሰማሃል። ከስፒከሩ ማጉያ ላይ ሽቦ መሳብም ይቻላል፣ የመስመሩ ቮልቴጅ እዚያ የለም። ግን ማጉያው ብዙ ጊዜ ሲግናሉን ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ ሁለቱ ወገኖች በምን መጠን እንደተደባለቁም አታውቅም። ሀንድሼክ (የመነሻውን ሰላምታ) ለመከታተል ጥሩ ነው። ለመለካት አይሆንም።

መስመር_ጠባቂ

እጃችሁ ይባረክ። ናሙና48፣ መያዣውን እንዳልሽው ሠራሁት፣ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥም አስገባሁት። ሠርቷል።

ስፔክትሮግራሙ ላይ ያየሁትን ልናገር። ሲነሣ መጀመሪያ 2100 ኸርዝ ላይ አንድ ደማቅ መስመር ይመጣል። ግራና ቀኙ ላይ ቀጫጭን ጥላዎች አሉት፣ መሐል መሐል ላይም እንደመሰበር ይላል። ከዚያ ዝቅ ያሉ ድምፆች ይንጫጫሉ። ከዚያ 1200 እና 2400 ላይ ሁለት ድምፆች ይታያሉ። ቀጥሎ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ብዙ መስመሮች ድንገት ብቅ ይላሉ። በመጨረሻ ሁሉም ይጠፋና ባንዱ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምንም መለየት አልቻልኩም። ኖይዝ ብቻ ነው የሚመስለው።

ጋሽ_ሪሌይ

በጣም ጥሩ አይተሃል። ያየኸው የቪ.34 ሰላምታ ሙሉው ነው።

2100ው ተቀባዩ «እዚህ ሞደም አለ» የሚልበት ድምፅ ነው። ጥላዎቹ የመጡት ድምፁ በ15 ኸርዝ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። መሰበር የመሰለህ ደግሞ በየ450 ሚሊ ሴኮንዱ ፌዙ ስለሚገለበጥ ነው። ይህ መገለበጥ ለአንተ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በመንገድ ላይ ያሉ የኤኮ (የማሚቶ) ማጥፊያዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ የሚነገራቸው በእሱ ነው። አዳፕተርህ ይህን ካልሰማ ገና ከመነሻው ተበላሽቷል።

የሚንጫጩት በቪ.21 በ300 ቢት የሚተላለፉ መልእክቶች ናቸው። ሁለቱ ሞደሞች «እኔ ይህን ይህን እችላለሁ» የሚባባሉበት ነው። 1200ው የደዋዩ፣ 2400ው የተቀባዩ ድምፅ ነው። በእነሱ ፌዙን እየገለበጡ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። የማበጠሪያው ጥርስ መስመሩን መፈተሻ ነው፤ ከ150 እስከ 3750 ኸርዝ በ150 ልዩነት የተደረደሩ 21 ድምፆች። 900፣ 1200፣ 1800 እና 2400 ሆን ተብለው ተዘልለዋል። በእነዚህ የትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንደሚዳከም ያያሉ፣ ከዚያ ፍጥነታቸውን ይመርጣሉ። ጥርሶቹን ለየብቻ ለማየት የስፔክትሮግራሙን መስኮት 4096 አድርገው።

ግራጫው ኖይዝ አይደለም። መረጃው ነው። ሆን ተብሎ ስለሚበጠበጥ ነው ኖይዝ የሚመስለው።

መስመር_ጠባቂ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ከግራጫው ውስጥ መረጃውን ማውጣት ይቻላል? ኮንስቴሌሽን የሚባለውን የነጥቦች ሥዕል ማየት እፈልጋለሁ። የኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ ጂኤንዩ ሬዲዮ በሚባለው ፕሮግራም ሲሠሩት አይቻለሁ።

ናሙና48

ለድሮዎቹ ይቻላል። ለቪ.34 ግን ከመስመሩ መሐል ተቀምጦ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ምክንያቱ ዕቃ ስላነሰህ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቪ.22 ቢስ ደዋዩ በ1200 ኸርዝ፣ ተቀባዩ በ2400 ኸርዝ ካሪየር ያወራል። ሁለት የተለያየ መንገድ አላቸው፤ በፊልተር ትለያቸዋለህ። ከቪ.32 ጀምሮ ግን ሁለቱም በአንድ ባንድ፣ በአንድ ጊዜ ያወራሉ። አንተ የያዝከው ሁለቱ ተደባልቀው ነው። ሞደሙ ራሱ እንዴት ይሰማል ካልክ፣ የላከውን ስለሚያውቅ ነው። የራሱን ድምፅና ማሚቶውን አስልቶ ከተቀበለው ላይ ይቀንሳል። አንተ ግን የሁለቱንም አታውቅም።

መውጫ አለው። ከመስመሩ አንድ ሽቦ ጋር በተከታታይ 47 ኦም ሬዚስተር አስገባ። በስቴሪዮ ቅዳ፦ በግራ ቻናል የመስመሩን ቮልቴጅ፣ በቀኝ ቻናል በሬዚስተሩ ላይ የወደቀውን፣ ማለትም ከረንቱን። ለእያንዳንዱ የየራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከዚያ በሶፍትዌር ከረንቱን በ600 አባዝተህ ከቮልቴጁ ጋር ስትደምረው አንዱ አቅጣጫ ይጎላል፤ ስትቀንሰው ሌላው። የመስመሩ ኢምፒዳንስ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል 600 ስላልሆነ ፍጹም አይለየውም። ማን መቼ እንደተናገረ፣ ማን ቀድሞ እንደተቋረጠ ለማየት ግን ይበቃል። ላንተ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው።

ጋሽ_ሪሌይ

ኮንስቴሌሽን ለማየት ለሚጓጓ አንድ ነገር ልጨምር። የሮክዌል የድሮ ሞደም ቺፖች ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ እግሮች ነበሩ። ኤክስና ዋይን በሲሪያል ያወጣሉ። በሺፍት ሬጅስተርና በሁለት ዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ አልፎ ወደ ኦሲሎስኮፕ በኤክስ-ዋይ ሲገባ፣ ሞደሙ ራሱ ከኤኮ አጽድቶ የሚያያቸውን ነጥቦች ታያለህ። ነጥቦቹ ሲወፍሩ ኖይዝ ነው። በክብ ሲዞሩ የፌዝ ችግር ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲበተኑ ሞደሙ መስመሩን ስቷል ማለት ነው። ከውጭ ከሚገዛ ከማንኛውም መለኪያ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የምታየው በሞደሙ ዓይን ነው። የቺፑን ሰነድ አግኝቶ እግሮቹን መለየት ግን የግድ ነው።

የጥገና_ጠረጴዛ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ለመስመር_ጠባቂ ሩቅ መንገድ ነው። ሞደሙን ራሱን ለምን አንጠይቀውም?

ዩኤስ ሮቦቲክስ ከሆነ ጥሪው ካለቀ በኋላ «ኤቲአይ6» እና «ኤቲአይ11» በል። ስንት ጊዜ ሪትሬን (ሰላምታውን እንደገና መጀመር) እንዳደረገ፣ ለምን እንደተቋረጠ፣ በምን ሲምቦል ሬት (በሴኮንድ በሚልካቸው የሲግናል ምልክቶች ብዛት) እንደሠራ፣ የተቀበለው ደረጃ፣ ከኖይዝ ያለው ርቀት፣ ደርሶ መልስ የፈጀው ጊዜ፣ ሁሉም ተጽፎ ይወጣል። «ኤቲዋይ11» ካልከው ደግሞ ጋሼ የነገሩህን የ21 ድምፆች ውጤት በሰንጠረዥ ይሰጥሃል። ነጻ የመስመር መለኪያ ነው። የሮክዌል ቺፕ ያላቸው ብዙዎቹ በ«ኤቲ%ኤል» የተቀበሉትን ደረጃ፣ በ«ኤቲ%ኪው» የሲግናሉን ጥራት ይነግሩሃል። እንደ አምራቹ ስለሚለያይ መመሪያውን ተመልከት።

መስመር_ጠባቂ

የማዕከሉ ሞደም ዩኤስ ሮቦቲክስ ነው። ጠየቅኩት።

የተቀበለው ደረጃ ጥሩ ነው። ከኖይዝ ያለው ርቀትም ጥሩ ነው። የ21ዱ ድምፆች ሰንጠረዥ እስከ 3450 ድረስ ሜዳ ነው፤ ከድሮው መዳብ ይሻላል ብል አላጋነንኩም። ሪትሬኑ ግን በጣም ብዙ ነው። መስመሩ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ይህን ያህል ሪትሬን ከየት መጣ?

ሌላም አለ። የስፔክትሮግራሙን መስኮት 256 ሳደርገው ግራጫው ውስጥ አልፎ አልፎ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አየሁ። ከላይ እስከ ታች፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ሁለቱ ሞደሞች ዝም ይሉና ሰላምታውን እንደገና ይጀምራሉ።

ናሙና48

አገኘኸው።

ደረጃው ደህና፣ ኖይዙ ደህና፣ ግን በድንገት በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ስንጥቅ። ይህ የአናሎግ ችግር አይመስልም። ናሙና ተዘልሏል ወይም ተጨምሯል። የአዳፕተሩ ጂተር በፈር (ፓኬቶችን ለአፍታ አቆይቶ በእኩል ልዩነት የሚለቅ ማከማቻ) ራሱን እያስተካከለ ነው የምለው። ፓኬቶቹ ሲዘገዩ በፈሩ ይሰፋል፣ ሲረጋጉ ይጠባል። በሚጠብበት ጊዜ አንድ ፓኬት ወርውሮ ይጥላል። ለሰው ጆሮ ምንም አይደል፣ አይሰማም። ለሞደም ግን ጥፋት ነው። አንድ ፓኬት 20 ሚሊ ሴኮንድ ከሆነ በሴኮንድ 3200 ሲምቦል ለሚልክ ሞደም 64 ሲምቦል ከመሐል ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የደርሶ መልሱ ጊዜ ስለተቀየረ፣ ሞደሙ ከሩቅ የሚመጣውን ማሚቶ ለመቀነስ ያሰላው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንደገና ከመጀመር ሌላ ምርጫ የለውም።

ለማረጋገጥ ሞደሞቹን ተውና በስልክ ደውል። ከአንዱ ጫፍ የማይቆራረጥ ድምፅ ልቀቅ፣ በሌላው ጫፍ ቅዳ። እዚህ ላይ ልብ በል፦ 1000 ኸርዝ አትጠቀም። 20 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ የ1000 ኸርዝ ልክ 20 ሙሉ ዑደት ይገባል። በፈሩ 20 ሚሊ ሴኮንድ ቆርጦ ቢጥል ሁለቱ ጫፎች ገጥመው ይቀጥላሉ፣ ምንም አይታይህም። በ1020 ኸርዝ ግን 20.4 ዑደት ነው። ፌዙ በ144 ዲግሪ ይዘላል፤ ስፔክትሮግራሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አዲስ_ገቢ

ጋሽ ሪሌይ በመጀመሪያ የጠቀሱት 1004 እና 1020 ለዚህ ነው እንዴ ክብ ቁጥር ያልሆነው?

ጋሽ_ሪሌይ

ለዚያ ዓይነት ምክንያት ነው። ዲጂታል የስልክ መስመር በሴኮንድ 8000 ናሙና ይወስዳል። 1000 ኸርዝ ብትለቅ ናሙናው ሁልጊዜ በሞገዱ ላይ እነዚያኑ 8 ነጥቦች ነው የሚመታው። መለኪያውን ያሳስተዋል። ስለዚህ ትንሽ ፈቀቅ ይደረጋል።

ናሙና48 በደንብ አስረድታለች። እኔ የምጨምረው፣ መስመር_ጠባቂ መስመሩ ወደ ኢንተርኔት ከተቀየረ ወዲህ የተሻለ የመስሚያ ቦታ አግኝቷል። በአዳፕተሩና በኔትወርኩ መካከል።

ናሙና48

ልክ ነው፣ እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር። ስዊቹ ላይ የአዳፕተሩን ፖርት ወደ ሌላ ፖርት እንዲያንጸባርቅ አድርግና ላፕቶፕህን እዚያ ሰካ። ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈት። የጥሪው ድምፅ በአርቲፒ ፓኬቶች ይመጣል፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ከመነሻቸው ተለያይተው። ከላይ በ47 ኦም ስንጣጣርለት የነበረው ነገር እዚህ ያለ ምንም ሽቦ ይገኛል። ፓኬቶቹ በስንት ልዩነት እንደደረሱ፣ የትኛው እንደጠፋ ዋየርሻርክ በሰንጠረዥ ያሳይሃል። ድምፁንም በፋይል ያወጣልሃል። ጥሪው የተመሰጠረ ከሆነ ግን ድምፁን አታገኝም፤ የፓኬቶቹን አደራረስ ብቻ ታያለህ።

ይህንን ከሳውንድ ካርዱ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጥ። ፓኬቶቹ ሳይጎድሉ ደርሰው የመዳቡ ጎን ላይ ስንጥቅ ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። ፓኬት ከጎደለ ኔትወርኩ ነው።

ሌላ ሰው የሚያወራበት መስመር ላይ ይህን እንዳታደርግ። የራሳችሁ የፓምፕ ጥሪ ላይ ብቻ።

መስመር_ጠባቂ

አደረግኩት። ፓኬቶቹ ሁሉም ደርሰዋል፣ ግን አደራረሳቸው ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ይዘገያል። 1020ው ድምፅ ላይ ዝላዩ እንዳልሽው ታየ። ዝላዩ የሚመጣው ፓኬቶቹ ዘግይተው ከቆዩ በኋላ እንደገና ሲረጋጉ ነው። ስለዚህ በፈሩ ነው።

አሁን ምን ላድርግ?

የጥገና_ጠረጴዛ

አዳፕተሩ ማስተካከያ ውስጥ ግባና እነዚህን ፈልግ። ጂተር በፈሩን ከተለዋዋጭ ወደ ቋሚ ቀይረው፤ መጠኑን ካየኸው ከፍተኛ መዘግየት ትንሽ አስበልጠው። ኮዴኩ (ድምፁ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበት ዘዴ) ጂ.711 ብቻ ይሁን። የዝምታ መቀነሻውን አጥፋ። የኤኮ ማጥፊያው 2100 ሲሰማ የሚቆም ካልሆነ እሱንም አጥፋው። አንዳንድ አዳፕተር ላይ «የሞደም ሁኔታ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ያደርጋል።

ከዚያም ሞደሙን ዝቅ አድርገው። የታንከር ከፍታ ለመላክ 33600 ቢት ምን ይሠራል? በ«ኤቲ+ኤምኤስ» ወይም በአምራቹ ትእዛዝ ቪ.22 ቢስ ላይ አስረው። 2400 ቢት ይበቃሃል። ባንዶቹ የተለያዩ ስለሆኑ የኤኮ ስሌት አያስፈልገውም። በሴኮንድ 600 ሲምቦል ብቻ ስለሚልክ 20 ሚሊ ሴኮንድ ቢጠፋ 12 ሲምቦል ነው፤ ቪ.42 ያንን ደግሞ ያስልከዋል። ሰላምታውም ያጠረ ስለሆነ አጭር መረጃ ላይ ጭራሽ ጊዜ ታተርፋለህ።

መስመር_ጠባቂ

በፈሩን ቋሚ አደረግኩት፣ ሞደሙንም በቪ.22 ቢስ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥሪዎች በሙሉ እስከ መጨረሻው ሄደዋል። ስፔክትሮግራሙ ላይ አሁን 1200 እና 2400 ዙሪያ ሁለት የተለያዩ ቀበቶዎች ናቸው የሚታዩት፤ ቀጥ ያለው ስንጥቅ አልተመለሰም። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሌሎቹን ሞደሞች ጠረጴዛ ላይ መፈተሽ እፈልጋለሁ። ላይን ሲሙሌተር የግድ ነው?

ጋሽ_ሪሌይ

ለጊዜው አይደለም። ሁለቱን ሞደሞች በአንድ ሽቦ በቀጥታ፣ በሌላው ሽቦ መሐል 24 ቮልት ዲሲ ምንጭና ሬዚስተር አስገብተህ አገናኛቸው። ሬዚስተሩ ከረንቱን 20 ሚሊ አምፔር አካባቢ የሚያቆመው ይሁን። ድምፁ በሬዚስተሩ እንዳይዳከም 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በትይዩ አድርግለት፤ ፖላሪቲውን አይተህ። ዳያል ቶን ስለሌለ ደዋዩን «ኤቲኤክስ3ዲ»፣ ተቀባዩን «ኤቲኤ» በላቸው። ይገናኛሉ። 56000 ግን አትጠብቅ፤ ቪ.90 በአንዱ ጫፍ ዲጂታል መስመር ይፈልጋል።

ወደፊት ሲሙሌተርም ሆነ ቲምስ ብትገዛ፣ ያገለገለ ከሆነ ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን አስከፍት። ውስጡ የማስታወሻ ባትሪ ካለ ፈስሶ ቦርዱን በልቶት እንደሆነ እይ። የመስመር መሰኪያው ተራ የስልክ መሰኪያ ላይሆን ስለሚችል ገመዱ አብሮት ይኑር። መመሪያውንም ጠይቅ።